እትዬ ጠጅቱ ሐኪም ዘንድ የሄዱ ዕለት

በየግቢው ሕክምና ሳይማር ሁሉን የሚያክም አንድ ሰው አይጠፋም። መንግሥት ቢለወጥ፣ ትርፍ ቤት ቢወረስ፣ ይህ ሰው ከሥልጣኑ ንቅንቅ አይልም። ጌጃ ሰፈር፣ ትርፌ በተከራየችበት ግቢ፣ ሥልጣኑ የክብርት እትዬ ጠጅቱ ነበር። ቀበሌ አልመረጣቸውም፣ አብዮቱም አልሾማቸውም፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ ግን በግቢው ጉንፋን እንኳ ማንንም አይዝም።

ምርመራቸው አጭር ነው። ግንባር ይዳብሳሉ፣ ዓይን ገለጥ አድርገው ያያሉ፣ ከዚያ "ብርድ ነው" ይላሉ። ተከራዩን ዘነበን ጥርሱን ሲያመው ብርድ ነው ተባለ። ጎረቤቱ ወልደገብርኤል ከመሰላል ወድቆ እግሩ ሲሰበር ደግሞ፣ ቀድሞ ብርድ ባይገባበት ኖሮ አጥንቱ እንደማይሰበር አስረዱት። ሐኪም የሚታሰበው የፌጦና የነጭ ሽንኩርት አቅም ሲያልቅ ነው፤ አልቆ ደግሞ አያውቅም።

ትርፌ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፣ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት። ታናሽ ወንድሟ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤ ስለቀረ እህል አልወርድ ብሏታል። ቀሚሷ ሰፍቷታል። የወር አበባዋ ከቀረም አራት ወሩ ነው። ወንድ አጠገቧ እንዳልደረሰ እሷ ታውቃለች፤ ሰፈሩ ግን ያላገባች ልጅ ሐኪም ቤት በር ላይ ካየ፣ ሳይመሽ ለልጁ ስም ያወጣለታል። ስለዚህ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስትል ከረመች።

ጭንቀቱ ሲበዛባት ለእትዬ ጠጅቱ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ብርድ ነው አሉ። ሁለት ሳምንት ፌጦ ጠጣች፤ ያተረፈችው ቃር ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ቧንቧው ጋ ውኃ ስትቀዳ ዞሮባት ቁጭ አለች። እትዬ ጠጅቱ ዓይኗን ገለጥ አድርገው አዩና፣ በግቢው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ብርድ ነው አላሉም። ነጠላቸውን አጣፉና ሐኪም ዘንድ እንሂድ አሏት። ሰው ያየኛል ብላ ብትለምናቸው አልሰሙም።

ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ አጠገባቸው የተቀመጡት፣ በጌጃ ሰፈር ወሬ በማድረስ ሬዲዮኑን የሚቀድሙት ወይዘሮ ወለተሰንበት ሆኑ። የትርፌን ሆድ ቃኘት አደረጉና በሐዘኔታ ድምፅ የታመመው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ጠጅቱ፣ ወረፋው ሁሉ እንዲሰማ። "የወር አበባዬ ቀርቶ ነው። እሷ ልትደግፈኝ ነው የመጣችው።"

ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ወይዘሮ ወለተሰንበት እንደምንም ትንፋሻቸውን ሰብስበው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁ።

"አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ችላ ብዬው ነበር።"

ተራቸው ሲደርስ ተደጋግፈው ገቡ። ሐኪሙ ትርፌን በደንብ መረመራት፤ ደምና ሽንትም ታየ። እርግዝና የለም። ደሟ አንሷል፣ ሰውነቷ ከስቷል፤ ሐሳብና አለመብላት የወር አበባን ሊያስቀር እንደሚችል ነገራትና ይህን ያህል መቆየቷን ተቆጣ። ክኒን አዘዘላት፣ እንድትበላ አስጠነቀቃት፣ በወሩ ተመለሽ አላት። እትዬ ጠጅቱ ስለ ፌጦው ትንፍሽ አላሉም።

ሳይመሽ ጌጃ ሰፈር በሳቅ ሞተ። በማግስቱ ወሬው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ደረሰ፤ እትዬ ጠጅቱ ባለፉበት ሁሉ ሴቶቹ የወር አበባቸው ተመልሶ እንደሆነ ይጠይቋቸው ጀመር። ትርፌ እናቷን እንኳ እንዲህ ወዳ አታውቅም። ወጥታ እውነቱን ልትናገር ስትል እትዬ ጠጅቱ እጇን ያዟት።

"ተይ፣ ይሳቁ" አሏት። "እኔን ከእንግዲህ ማን ያጨኛል ብዬ ልፈር?"