ጋሼ እንዳይበላሽ እና ቫኪዩማቸው

ዕቃ ገዝቶ ለገዛው ዕቃ ዘበኛ የሚሆን ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ዘበኛው እናንተው ናችሁ።

የዘበኞቹ ሁሉ አለቃ ክቡር ጋሼ እንዳይበላሽ ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው ሚስታቸው ናት፤ ከአፋቸው ከሚወጣው ቃል ግማሹ «ቀስ! እንዳይበላሽ!» ስለሆነ ብዙም አላሰበችበትም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። ሶፋውም ከነመጣበት ፕላስቲኩ ነው፤ በሙቀት ቀን የተቀመጠበት እንግዳ ሲነሳ ፕላስቲኩ አብሮት ይነሳል። ዝናብ ከጣለ ጋሼ አዲስ ጫማቸውን አውልቀው በብብታቸው ሸጉጠው በካልሲ ቤት ይገባሉ። «እግር ታጥቦ ይደርቃል፤ ጫማ ግን አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ» ይላሉ።

አምና ሐኪሙ ሚስታቸውን «ሳልሽ ከአቧራ ነው፤ መጥረጊያ ይቅርብሽ» ሲላት፣ ጋሼ እሷን ይዘው ቫኪዩም የሚባለውን አቧራ መሳቢያ ማሽን ሊገዙ ተነሱ። ሱቅ ውስጥ ሻጩ ስለ ሞተሩ ጉልበት ሲያብራራ፣ እሳቸው ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ወለሉ ላይ በተኑት።

«አባባ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«የቤቴ አቧራ ነው።»

«መሞከሪያ አቧራ እኮ እኛም አናጣም!»

«የእናንተን አላምነውም። ለሽያጭ የተዘጋጀ ነው።»

ሚስታቸው መደርደሪያው ጀርባ ተደብቃ በሳቅ ፈረሰች። የቤታቸውን አቧራ ጥርግ አድርጋ የዋጠችው ማሽን ተመረጠች።

ማሽኗ ቤት ገባች፤ በየሳምንቱ የሚታጠብ ወፍራም ሽፋንም ተሰፋላት። ሚስታቸው ግን አንድም ቀን ነክታት አታውቅም። ቅዳሜ ጠዋት በመጣ ቁጥር ጋሼ «እስቲ ሄደሽ እህትሽን ጠይቂያት» ብለው ያስወጧታል። አንድ ቀን ከመንገድ ተመልሳ በመስኮት ብታይ፣ ክቡርነታቸው ማሽኗን ከማስነሳታቸው በፊት ቤቱን በመጥረጊያ እየጠረጉ ነው! አንጀቷ አረረ። የሚያስወጧት ማሽኗን እንዳትነካባቸው መሰላት።

«ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ያገባው እኔን ነው ማሽኗን?» አለች ለእህቷ።

ባለፈው ቅዳሜ ስትመለስ ማሽኗ ትጮኻለች እንጂ አትስብም። ጋሼ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በቱቦው ውስጥ እያዩ ይስላሉ። ሳሉ ከያዛቸው ከርሟል፤ ሲጠየቁ «ብርድ ነው» ይላሉ።

«ደክሟታል፤ ትረፍ» ብለው ፈረዱ።

«እስቲ ዞር በል!» ብላ ክዳኑን ከፈተች። አቧራ መያዣው ከረጢት ውስጥ ፌስታል ተነጥፏል፤ ያውም በጥንቃቄ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከረጢቷ እንዳትቆሽሽ ብዬ ዛሬ አነጠፍኩላት…»

«አንተ ሰውዬ! ታዲያ አየሩ በየት ይውጣ?»

ፌስታሉን መዥርጣ አወጣችውና ማሽኗን አስነሳቻት። ምንጣፉን ልትውጠው ምንም አልቀራት።

«በል ስማኝ» አለች ሚስታቸው ማሽኗን አጥፍታ። «የተገዛችው ለእኔ ነው። ወይ ከዛሬ ጀምሮ እኔ እሠራባታለሁ፣ ወይ ለእህቴ እሰጣታለሁ!»

ጋሼ ፌስታሉን ከመሬት አንስተው እያጣጠፉ መለሱ።

«ለአንቺ ስለሆነች እኮ ነው የምጠብቃት። እሷ ከተበላሸች ሳልሽ ሊመለስብሽ ነው። ዋናውን ቆሻሻ እኔ በመጥረጊያ ላንሳው፣ አቧራው እስኪበርድ አንቺ እህትሽ ጋ ሁኚ፣ የቀረውን እሷ ትጨርሰው ብዬ ነው።» ይህን ብለው ሳላቸውን ለቀቁት።

ሚስታቸው ያኔ ነው ልብ ያለችው። እሷ ከሳለች ዓመት ሊሆናት ነው። ለካ ሳሉ ከቤቱ አልወጣም፤ ባለቤት ነው የቀየረው። ንዴቷ የት እንደገባ ሳታውቅ ሆዷ ባባ። መጥረጊያውን አንስታ ወደ ውጭ ወረወረችው።

ከዚያ የማሽኗን ሽፋን ከወንበሩ ላይ አነሳችና ትከሻቸው ላይ ደረበችላቸው። ጋሼ ሽፋኑ እንዳይጨማደድ ሊያወልቁት እጃቸውን ሲሰዱ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ቀስ በል» አለቻቸው። «እንዳትበላሽብኝ።»