ማላዊ ላይ የሚወርድ ሰው

እኛ አገር «ሁለት ዓመት» የሚባለውን ጊዜ ርዝመቱን በትክክል የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። አዲስ የተመደበ ሠራተኛ «ለሁለት ዓመት ነው» ይላል፤ ቤት አከራይ «ሁለት ዓመት ኪራይ አልጨምርም» ይላል፤ ዐረብ አገር የምትሄድ ልጅ «ሁለት ዓመት ብቻ» ብላ እናቷን ታቅፋለች። እኔ ራሴ ከደብረ ማርቆስ ወደ ወልቂጤ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ላስተምር ነበር። አሁን የመጀመሪያ ተማሪዎቼን ልጆች እያስተማርኩ ነው። ሁለቱ ዓመት ገና አልሞላም።

ስለዚህ ጎረቤቴ ሳህሌ «ጋሼ፣ ከምሕረት ጋር ለሁለት ዓመት ውጭ አገር ልንሄድ ነው» ሲለኝ፣ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው «በሰላም ግቡ» አልኩትና ቤታቸውን ለማን እንደሚያከራዩት ማሰብ ጀመርኩ።

ሳህሌ ብየዳ ቤት አለው። በሠፈራችን ሲከፈት የሚጮህ የብረት በር ካያችሁ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ የሳህሌ በር አይጮህም። ሚስቱ ምሕረት ነርስ ናት። ሁለቱም ጴንጤ ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ፊት ለፊታችን ሱቅ ያለው ሙዲን ደግሞ ሙስሊም ነው። ሠፈራችን በሃይማኖት ተጣልቶ አያውቅም። የሚጣላው በውሃ ተራ ነው።

ባልና ሚስቱ የሚሄዱት ቤተ ክርስቲያናቸው ለሚስዮናዊነት መርጣቸው ነው። ነገሩ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የተገኘ እንዳይመስላችሁ። ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ ሥልጠናው፣ የፓስፖርቱ ሰልፍ ልክ አልነበረውም። እንግሊዝኛውን ያስጠናኋቸው እኔ ስለሆንኩ፣ ባሕር ማዶ የተሰማ ስሕተት ቢኖር ተጠያቂው እኔ ነኝ። ቃለ መጠይቁ ላይ «በትዳራችሁ ትጣላላችሁ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ሳህሌ «በፍጹም» አለ፤ ምሕረት «አዎ» አለች፤ እዚያው ጠያቂዎቹ ፊት ተጣሉ። አለፉ።

ምሕረት እንደነገረችኝ፣ እሑድ ቀን ፓስተሩ «ወንድማችንና እኅታችን ለአገልግሎት ወደ ውጭ አገር» ሲሉ አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። «ወደ ማላዊ» ብለው ሲጨርሱ እልልታው ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በእኛ በኩል ማላዊ አገር ሳይሆን መንገድ መሆኑን ላታውቁ ትችላላችሁ። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ ልጅ በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን አልፎ፣ ታንዛንያን አልፎ፣ ማላዊንም በሆነለት መንገድ ያልፋታል። «ማላዊ ደርሻለሁ» ብሎ ከደወለ እናቱ ገና ጸሎቷን አታቆምም። ሙዲን ወሬውን ሲሰማ ሚዛኑን ትቶ ወጣ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ስንቱን ሸኝቻለሁ፤ ማላዊ ላይ የሚወርድ ሰው ግን አይቼ አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ወደ ሳህሌ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደላላው ማነው?»

«እግዚአብሔር» አለው ሳህሌ።

ሙዲን ራሱን ነቀነቀ። «እሱስ ይሁን። እኔ የምልህ ከሞያሌ ወዲያ ያለውን ነው።»

ሳህሌን ያስጨነቀው ግን የሠፈሩ ወሬ አልነበረም፤ እናቱ ነበሩ። እማማ ትርፌ የሚኖሩት ጉንችሬ አጠገብ ነው። የበኩር ልጃቸው ደምሴ በዚያው በማላዊ በኩል አልፎ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቷል። ይደውላል፣ ይልካል፣ ለእናቱም ባለ ሴራሚክ ቤት አሠርቶላቸዋል። ሲሄድ ያለው «ሁለት ዓመት» ነበር። የሚመጣው ሁልጊዜ «ለሚቀጥለው መስቀል» ነው። ሳህሌ ታዲያ ቲኬቱ ተቆርጦ፣ ሻንጣው ታስሮ፣ «እናቴ ካልመረቁኝ አልሄድም» አለ። ምሕረትም «ያለ ምርቃት ወጥቶ ምን ሊያገለግል?» ብላ አገዘችው። ምርቃቱን የማምጣቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ፤ ሽማግሌ ሁኜ አብሬያቸው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

እማማ ትርፌ ከጓሮ እንሰታቸው መካከል ቆመው ሰሙን። እኔ ስለ ወንጌልም፣ ስለ ወላጅ ቡራኬም፣ ስለ ሰው ልጅ ወንድማማችነትም ደኅና አድርጌ ተናገርኩ።

«ስንት ጊዜ አልከኝ?» አሉ ልጃቸውን።

«ሁለት ዓመት፣ እማዬ።»

«ይኼ ቃል አንዴ ከዚህ ቤት ወጥቶ ገና አልተመለሰም።»

ንግግሬ ከዚህ በላይ የሚሄድ አልነበረም።

እንሰት ሳታዩ ያደጋችሁ እንደ እኔ ያላችሁ ሰዎች ይህን ልብ በሉ፤ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ ሲደርስ ደግሞ ሳያብብ መነቀል አለበት። ካበበ ጉልበቱ ሁሉ ወደ አበባው ይሄድና ለቆጮ አይረባም፤ ቆሞ ይሞታል። እማማ ትርፌ ዳር ላይ ለብቻዋ የቆመች እንሰት አሳዩን።

«ይህቺ የደምሴ ናት። የፊቷ አብባ ሞተችና ይህቺን በቦታዋ ተከልኩ። እነዚህ ደግሞ» አሉ ወደ መካከል እየጠቆሙ፣ «እናንተ ባላችሁት ጊዜ ይደርሳሉ። ካልመጣችሁ አልነካቸውም፤ ሲያብቡ ቆሜ አያለሁ።» ከዚያ እጃቸውን በልጃቸውና በምራታቸው ራስ ላይ ጫኑ። «ሂዱ። አበባ አታሳዩኝ።»

በሕይወቴ ብዙ ምርቃት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያስፈራኝ የለም።

ሄዱ። ፎቶ ይልኩልናል፤ ሳህሌ የመንደር ጤና ጣቢያ በር ሲበይድ፣ ምሕረት አራስ ልጅ አቅፋ። ሙዲን ፎቶውን እያየ «አሁንም እዚያው ናቸው?» ይለኛል፤ መንገድ ላይ ተይዘው የታሰሩ ይመስለዋል።

ሁለት ዓመት ሞላ። ይህን ስጽፍ ለራሴም እየከበደኝ ነው፤ ግን ተመለሱ።

ሠፈሩ እንዴት እንዳዘነ ብታዩ! ሰው በየተራ እየገባ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። «አይዟችሁ፣ ዋናው ጤና ነው።» «በሕይወት መግባትም ትልቅ ነገር ነው።» ነጠላ አዘቅዝቆ መምጣት ብቻ ነበር የቀረው። ሳህሌ «ጨርሰን እኮ ነው የመጣነው» ባለ ቁጥር ሰው በሐዘን ያየዋል። ሙዲን ስኳር ይዞ መጣና «ለሚቀጥለው ደኅና ሰው አገናኝሃለሁ» ብሎ በጆሮው ነገረው።

በማግሥቱ ጉንችሬ አብሬያቸው ሄድኩ። እማማ ትርፌ እልል አላሉም፤ አላለቀሱምም። የልጃቸውን ትከሻ፣ የምራታቸውን ጉንጭ በእጃቸው ዳሰሱ። «መንገዱ ወደዚህም ይመጣል ለካ» አሉ።

እንሰቶቹ ደርሰው ነበር፤ አንዱም አላበበም። እኔና ሳህሌ ስንነቅል፣ ምሕረትና አማቷ መፋቅ ጀመሩ። ከእኔ ይልቅ የነቀለው ሳህሌ ነው፤ እኔ በብዛት አበረታታ ነበር። መሐል ላይ እማማ ትርፌ ቀና አሉ።

«ለወንድምህ ደውልለት። ማላዊ ሄዶ የሚመለስ ሰው እንዳለ ንገረው።»

ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ይጠብቁ የነበረው ይህችን ስልክ ነው። ሳህሌ ደወለና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ደምሴ ወንድሙ ቤቱ መግባቱን ሲሰማ «እውነት?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀ።

«አይዞህ ወንድሜ» አለ በመጨረሻ፣ ከልቡ አዝኖ። «ዋናው ጤና ነው። እኔ ወደዚህ አስመጣሃለሁ። ሁለት ዓመት ብቻ ትሠራለህ፤ ከዚያ አብረን እንመለሳለን።»

ሳህሌ አመስግኖት ስልኩን ዘጋ። ሌላ ምን ይበለው?

እማማ ትርፌ እጃቸውን በኮባ ቅጠል ጠረጉና ዳር ላይ ለብቻዋ የቆመችውን እንሰት አዩአት። ደርሳለች። ጥቂት ብትቆይ ታብባለች።

«እሷንም ንቀሏት» አሉን። «ለመስቀል እንግዳ ይበዛል።»