ሃያኛው ፓምፕ

እኔ «አለቀ» የሚለውን ቃል እፈራለሁ። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ሁሉ ይፈራዋል። «ሙከራ ላይ ነው» እስካልን ድረስ ቢበላሽ ማን ይቆጣናል? «አለቀ፣ ተጠቀሙበት» ካልን በኋላ ግን መደበቂያ የለንም።

እዚህ አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ቢሯችን የሠራነው ነገር ለማስረዳት ቀላል ነው። አዳሚ ቱሉ አካባቢ ሃያ የመስኖ ፓምፖች አሉ። በእያንዳንዱ ላይ አንዲት መሣሪያ ሰክተናል። ስንት ውሃ እንደወጣ፣ አፈሩ ምን ያህል እንደረጠበ በየሰከንዱ ትናገራለች። የእኛ ሶፍትዌር ያንን መረጃ እንደ ቦይ ውሃ ሳያቋርጥ ወስዶ ለገበሬውም ለባለሙያውም ስልክ ያደርሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ሁለት ዓመት ፈጀብን ስላት እናቴ እስከ ዛሬ አታምነኝም።

የመጀመሪያውን የተረጋጋ ዕትም ለማውጣት ለራሳችን አንድ ሕግ አወጣን፤ ሠላሳ ቀን ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። ደጋፊዎቻችን ደግሞ በቅርቡ ካላስመረቃችሁት ቢሮውን ዝጉ ብለውናል። አሥራ ዘጠኙ ፓምፖች ጨዋ ናቸው። ሃያኛው፣ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ የሽንኩርት ማሳ ላይ ያለው፣ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ድርግም ይላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ምን ያላደረግነው አለ? ሲም ካርዱን ቀየርን። ኔትወርኩን ረገምን። ኮዱን ሁለት ጊዜ ከሥር ጀምረን ጻፍነው።

ስልክ መደወሉ የባልደረባዬ የሃዊ ሥራ ነው። ፓምፕ በተቋረጠ ቁጥር ባለቤቱ ጋ ደውላ የመሣሪያዋ ሶኬት መሰካቱን ትጠይቃለች። ከኦቦ ገመቹ ጋር ሲሆን ግን በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደሩ ብላ ትጀምርና ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ጉልበታቸውን ሁሉ ጠይቃ ነው ወደ ሶኬቱ የምትመጣው። ጊዜ ታባክናለች ብዬ አኩርፌያትም አውቃለሁ።

መላ ሲጠፋ ሁለታችን እዚያው አጠገብ ባቱ ከተማ አድረን፣ ማለዳ ሄደን ከፓምፑ ቤት ጀርባ ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ሲሆን ሽማግሌው መጡ። ሶኬቱን ነቀሉ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና መጠበቅ ጀመሩ።

ንዴቴን ምኑን ልንገራችሁ። ልነሳ ስል ሃዊ ክንዴን ያዘችኝ፤ እዚያው ተቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ደወለችላቸው። ፊታቸው ሲበራ በግድግዳው ጥግ በኩል አየሁ። ሚስታቸው ከሞቱ ዓመት አልፏል፤ ልጆቻቸው የሚደውሉት ለበዓል ነው። ሃዊ ይህን ታውቅ ነበር፤ እኔ የማውቀው ሶኬቱን ብቻ ነው።

በኋላ ወጥተን ለምን እንደሚነቅሉት ጠየቅናቸው። አላፈሩም። «ሲነቀል ትደውላለች። ካልተነቀለ ለምን ትደውላለች?» አሉ። እኔ እንጀራዬ ስህተት መፈለግ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አንድም አላገኘሁም።

ተስማማን። ሃዊ በየጠዋቱ ትደውላለች፣ እሳቸው አይነቅሉም። ሠላሳው ቀን እንደ ቀልድ አለፈ።

ለምረቃው አዳራሽ ተከራየን፣ ትልቅ ስክሪን ሰቀልን፣ እንግዶች መጡ። ማይክሮፎኑን ይዤ «ከዛሬ ጀምሮ ሥራው አልቋል፤ ለአንድ ሰከንድም አይቋረጥም» አልኩ። ወዲያው ሃያኛው ፓምፕ ስክሪኑ ላይ ቀላ። ላብ አጠመቀኝ። ለካ ሃዊ ወንበር ስትደረድር አርፍዳ አልደወለችም። ሰዓቱ ሦስት ነው። ሽማግሌው ሁለት ሰዓት ሙሉ ታግሰዋል።

ስልኳን ይዛ ሹልክ ብላ ኮሪደር ወጣች። እኔ ስለ መስኖ ጥቅም ስቀባጥር ቆየሁ። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ፊት የተቀመጡ አንድ ኃላፊ፣ ብልሽት በዚህ ፍጥነት የሚጠግን ሰው አይተው እንደማያውቁ ተናገሩና፣ ስትመለስ ሃዊን አስቁመው ችግሩ ምን እንደነበር ጠየቋት።

«ላማቸው ወልዳ፣ የሚነግሩት ሰው አጥተው ነው» አለቻቸው።