አማቴ በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሲመጡ

ጎበዝ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "ውሸት!" ነው የምትሉት።

እጮኛዬ ሰላም እዚህ ሚዛን ነርስ ናት፣ የጎንደር ልጅ። አባቷ እንቢ ያሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው። "ልጄን ሩቅ አገር አልድርም።"

ሩቅ?!

እኔ ከሚዛን አለፍ ብላ ያለችው የሸኮ ልጅ፣ ያውም የጂኦግራፊ መምህር፣ ዝም ልል?

የሁለት ኤርፖርቶችን ርቀት የሚያሰላ ዌብሳይት አለ። ከጎንደር ሚዛን ተፈሪ ብዬ ጻፍኩ። ስድስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አለኝ። ወዲያው ደወልኩላቸው።

"አባባ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው እኮ!"

"እንግዲያው ቅዳሜ መጥቼ አገሩን አየዋለሁ" አሉ።

ቅዳሜ ሱፌን ለብሼ፣ እናቴንና ቡና ለቀማቸውን ጥለው የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ አውሮፕላን ሜዳው ላይ ቆምኩ። አበባም ይዘናል! ላሞች ሳር ይግጣሉ። ጥበቃው መጣ።

"ቲቸር፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው?"

"የጎንደሩን አውሮፕላን።"

አበባውን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ። "ከጎንደር እዚህ የሚመጣ አውሮፕላን መች አለና?"

ክው አልኩ!

ለካ ዌብሳይቱ ርቀት ያሰላል እንጂ አውሮፕላን ይኑር አይኑር ጉዳዩ አይደለም። እኔም አልጠየቅኩም። የአባባ ስልክ ዝግ። ሰላም ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም።

ዛሬ ከሰዓት ደወለች። "መናኸሪያ ና። አባቴ መጥቷል።"

አባባ ከአውቶቡስ ወርደው ቆመዋል። በእጃቸው አንድ ጃንጥላ ብቻ። ነጩ ጋቢያቸው ቀልቷል፣ ቦንጋን እንዳለፉ አውቶቡሱን ጭቃ ይዞት ከወጣቶቹ ጋር ሲገፉ ነበር አሉ። ጎንደር ኤርፖርት ላይ በረራ እንደሌለ ሲነገራቸው፣ "እመጣለሁ ብያለሁ" ብለው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሦስት ቀን! ቅያሪ ልብስ እንኳን የላቸውም። ለአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መንገድ ማን ቅያሪ ይይዛል?

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። በቃ፣ ሰላምን አጣኋት አልኩ።

"ተነስ" አሉኝ። "አገርህ ሩቅ ነው። በዓይኔ አየሁት።"

ሰላምን አዩ። እያለቀሰች ነው።

"እሷ ግን ወዳሃለች፣ ምን አደርጋለሁ? ፈቅጃለሁ።"

እልል ልል አፌን ስከፍት አልጨረሱም ነበር።

"ሠርጉ ጎንደር ነው። ዘመዶችህን በሙሉ ይዘህ፣ በዚያችው በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃህ ና!"

ጎበዝ፣ ከሸኮ ብቻ ስልሳ ዘመድ አለኝ። እናቴን መኪና ያስመልሳታል፣ ከሸኮ ሚዛን እንኳን የምትመጣው ፌስታል ይዛ ነው።

አውቶቡስ የሚያከራይ የምታውቁ በኢንቦክስ! ፌስታሉን እኔ እችላለሁ።