አንድ ጥንድ የጫማ ንጣፍና አራት ጉልበተ ሕሙማን

ሰው ዕድሜውን ከጎረቤት ሊደብቅ ይችላል፤ ጉልበቱን ግን ምን አድርጎ ዝም ያሰኘዋል? እኔ ገና አርባዎቹ ውስጥ ነኝ ብዬ ምዬ ሳልጨርስ፣ ከተቀመጥኩበት ልነሳ ስል ጉልበቴ ቋ ይላል። ሳይጠራ የሚመሰክር እንዲህ ያለ አካል የለም። ሆድ ሲጮህ በሳል ይሸፈናል። ጉልበት በምን ይሸፈናል? የእኔው ደግሞ እንደ ባለቤቱ ለፍላፊ ነው።

ይህን የምጽፈው ስለ ጉልበት ልመክራችሁ እንዳይመስላችሁ። ከሦስተኛ ክፍል የወጣች ሴት ማንን ትመክራለች? የምጽፈው ያሳፈረኝን ነገር ነው፤ እያሳቀም ስለሚያሳፍረኝ ብቻዬን መያዙ ከበደኝ።

እዚህ ሱዳን፣ ባሱንዳ፣ ከመተማ ተሻግረን ሰሊጥ እርሻ ላይ የምንውል አራት ሴቶች አለን፤ እኔ ሙሉ፣ ካሰች፣ እንጉዳይና ተዋበች። የአገሩ ሰዎች ሰፊውን እርሻ መሽሩዕ ይሉታል። መሽሩዕ ዳር የለውም፤ ዳር ያለው የእኛ ጉልበት ብቻ ነው። አረም ሲሆን ቁጢጥ፣ አጨዳ ሲሆን ጉብጥ። አራታችንንም የጉልበታችንን ሎሚ ዙሪያውን ይወጋናል። ከሁላችን የባሰባት ተዋበች ናት፤ የእርሻው ወኪልም እያነከሰች ሲያያት፣ በዚሁ ከቀጠለች ለአጨዳው እንደማይወስዳት ነግሯታል። ተዋበች ግን ዝምተኛ ናት፣ ሲያማት ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ ሳይነካኝ እጮኻለሁ። ታዲያ ክሊኒክ ማን ሄደ ትላላችሁ? እኔ።

ክሊኒኩ ውስጥ የአገሩ ልጅ የሆነች አንዲት ወጣት ዶክቶራ አለች። አስኬደችኝ፣ ቁጢጥ አስባለችኝ፣ ደረጃ አስወረደችኝ፤ ከዚያ ጉልበቴን ትታ እግሬን ታይ ጀመር። ልጄ፣ ጣራዬ አፈሰሰ ብዬ ብጠራሽ ወለሉን ትጠርጊያለሽ እንዴ አልኳት። ሳቀችና፣ ኻልቲ፣ ስትራመጂ እግርሽ ወደ ውስጥ ይዘምማል፣ ጉልበትሽንም ይዞት ይሄዳል አለችኝ። ኻልቲ ማለት አክስቴ ማለት ነው። እንዲህ ብሎ ለሚጠራኝ ሰው ልቤ ቅቤ ይሆናል። ጫማ ውስጥ የሚገባ፣ መሀሉ ከፍ ያለ አንድ ጥንድ ንጣፍ ሰጠችኝ። በየቀኑ አድርጊው፣ ጠዋትና ማታም ጭንሽን የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ ሥሪ፣ በሁለተኛው ወር ተመለሺ አለች። ለአንቺ ከበጀሽ ለጓደኞችሽም አስመጣለሁ ብላ ጨመረች። እንግዲህ የተዋበች አጨዳ በእኔ ጉልበት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ንጣፉን ይዤ ስመለስ ሦስቱም ከበው እንደ ሕፃን ያገላብጡት ጀመር። ብቻዬን ላደርገው አፈርኩ። በዕጣ ይሁን፣ በየሳምንቱ ለአንዳችን ይድረስ አልኩ። ይህን ቸርነቴን እዩልኝ። ዳኛዋም እኔው ሆንኩ፤ የሚጮህ ሰው ሁልጊዜ ዳኛ ይሆናል። እንደ ዕቁብ ቢሆን የደረሳት ወጥታ፣ በአራት ሳምንት ሁላችንም ባገኘን ነበር። ዳኛ ነኝና ሕጉን አሻሻልኩት፤ በየእሑዱ እንደ አዲስ ይጣል፣ ዕድል ነው አልኩ።

ዕጣው እንዲህ ነበር። ባዶ የሳልሳ ቆርቆሮ ውስጥ ካሰች አዝራር፣ እንጉዳይ ዶቃ፣ ተዋበች ጠጠር፣ እኔ የለስላሳ ቆርኪ እንጥላለን። ከዚያ ዓይኔን ጥብቅ አድርጌ ጨፍኜ እጄን እሰዳለሁ። ቆርኪ ዙሪያውን ጥርስ እንዳለው ታውቃላችሁ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

እንዳይነቃብኝ አንዳንዴ አዝራሩን፣ አንዳንዴ ዶቃውን አወጣ ነበር። ጠጠሯን ግን ለምን እንዳላወጣኋት እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ምናልባት ተዋበች ስለማትናገር ይሆናል። በየእሑዱ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ፣ አይዞሽ፣ ዕድል ነው፣ የሚቀጥለው ያንቺ ነው እላት ነበር። እሷም አሜን ትለኛለች።

ሁለት ወር ሞላና ክሊኒክ ተመለስኩ። ዶክቶራ ንጣፉን ከጫማዬ አወጣችው። እንጉዳይ ረዘመብኝ ብላ ጫፉን በማጭድ ቆርጣዋለች፤ ካሰች ደግሞ ተረከዙን አጥፋ በጥቁር ክር ሰፍታዋለች። ዶክቶራ አገላብጣ አየችውና፣ ኻልቲ፣ ስንት እግር ነው ያለሽ አለችኝ። ማርያምን ሁለት ብቻ አልኩ። ሕመሙስ ስትለኝ፣ ጠፍቷል አልኳትና ላሳያት ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ ቋ አለ፤ እዚያው ዘፍ አልኩ።

ያኔ ለጓደኞቼ አዝኜ በዕጣ እንደተካፈልነው ነገርኳት። ስለ ቆርኪው አላነሳሁም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ማሊሽ ኻልቲ፣ ይቅርታ፣ እንዲህ ያለ ደግ ልብ እንዳለሽ አላወቅኩም ነበር አለች። ሦስቱንም በሚቀጥለው ሳምንት አምጪልኝ፣ የየራሳቸውን እሰጣቸዋለሁ አለችኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ። ምን ላድርግ፣ ከሰጡኝ?

አመጣኋቸው። ዶክቶራ በእነሱ ፊት እንደገና አመሰገነችኝ። ከዚያ የተዋበችን እግር እየለካች፣ አንቺ ስንት ሳምንት አደረግሽው ብላ ጠየቀች። ተዋበች መሬት መሬት እያየች፣ ዕጣ አልወጣልኝም አለች። በሁለት ወር አንዴም? አለቻት ዶክቶራ። አንዴም፣ እኔ ድሮም ዕድል የለኝም፣ እትዬ ሙሉ ግን በየእሑዱ ታዝንልኝ ነበር አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር፤ የባሱንዳ ጥቁር አፈር ደግሞ ሲደርቅ ሰው የሚውጥ ስንጥቅ አለው፣ ለእኔ ግን እምቢ አለ። ካሰች ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ቆርኪ፣ አለች። እንጉዳይ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች፣ ትሳቅ ትቆጣ አልለየሁም። ዶክቶራም የቆርኪውን ነገር ካሰችን ጠይቃ ስትረዳ፣ ቀና ብላ አየችኝና ኻልቲ ሳትለኝ ቀረች።

ዛሬ ሦስቱም የየራሳቸው ንጣፍ አላቸው። ተዋበች ሕመሙ ጨርሶ ባይለቃትም እንቅስቃሴውን ሳታጓድል ትሠራለች፤ አጨዳው ላይም በመስመሩ ከፊቴ ትሄዳለች። እኔ ሌላ ጥንድ ከገዳሪፍ እስኪመጣልኝ ጠብቂ ተብያለሁ፤ የድሮው እንደሆነ በማጭድ የተገዘረ ነው።

ጓደኞቼ ግን ጨካኞች አይደሉም። እትዬ ሙሉም ዕድሏን ትሞክር፣ የሷ ዕጣ ከወጣ አንዳችን ለሳምንት እናውሳት ተባባሉ። ዳኛዋ ተዋበች ሆነች። አዝራሩ፣ ዶቃውና ጠጠሩ እንደነበሩ ናቸው። የእኔን ቆርኪ ወሰዱብኝና፣ የእኔ ዕጣ አንዲት የሰሊጥ ፍሬ እንድትሆን ተወሰነ።

በየእሑዱ ተዋበች ዓይኗን ጥብቅ አድርጋ ጨፍና እጇን ቆርቆሮው ውስጥ ትሰዳለች። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ ታደርገኛለች። አይዞሽ እትዬ ሙሉ፣ ዕድል ነው፣ የሚቀጥለው ያንቺ ነው ትለኛለች።

እኔም አሜን እላለሁ።