የጋሽ ደምሰው ሣጥንና የእትዬ ዘነቡ ካሴት

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አባቶች። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው መንደሩ ሁሉ ሰምቶ ከጠገበ በኋላ ነው ለማለት ነው። ተረቱ እውነት ነው፤ እኔ ግን ለጆሮ ራሱ አዝንለታለሁ። ለዓይናችን ያልሆንለት ነገር የለም። ሲደክም መነጽር እናደርግለታለን፣ ሲያሳክከው እናጥበዋለን፣ ቆንጆ ስታልፍ እንጋብዘዋለን። ጆሮን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት ያውቃል? በደርግ ጊዜማ ተዉት። ከቀበሌያችን ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ጡሩንባ መሳይ ቆርቆሮ ገና ወፍ ሳይንጫጫ «ጓዶች» ብሎ ይጀምራል። ስብሰባውም፣ የዘመቻ ጥሪውም፣ የስኳር ወረፋውም የሚወጣው ከዚያ ነው። ግማሹን ቃል ነፋስ ይወስደዋል፤ የጎደለውን እኛው በፍርሃታችን እንሞላዋለን። ድምፅ ማጉያ ማለት ይኸው ነው ብዬ ነበር የማምነው፣ ጋሽ ደምሰውን እስካውቅ ድረስ።

ጋሽ ደምሰው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ የሚኖር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። በወጣትነቱ ፒያሳ አንድ የውጭ ሰው ሱቅ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ፣ ሱቁ ሲወረስ ካቻቢቴውንና ፒንሳውን በኪሱ ይዞ ቤቱ ገባ። ቀን ቀን የሰው ሬዲዮ ይጠግናል። የቀረውን ዕድሜውን ግን የሰጠው ለሁለት የእንጨት ሣጥኖች ነው፤ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው ለሚሆኑ ሁለት እስፒከሮች። ሰባት ዓመት ሠራቸው። ሰባት ዓመት ስላችሁ ጨርሷቸው እንዳይመስላችሁ።

«ሣጥኑ ራሱ መናገር የለበትም» ይለኛል። መልእክተኛ የራሱን ወሬ ከቀላቀለበት ምኑን መልእክተኛ ሆነ ነው ነገሩ። አናጢ ቤት ሄዶ የዋንዛውን ጣውላ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ጆሮውን ሲለጥፍበት አናጢዎቹ ይሳሳቁበታል። የሚያስተጋባውን ለከበሮ ሠሪ ተዉለት ብሎ፣ ደንቆሮውንና ወፍራሙን መርጦ ይሸከማል። ሆዱን በባዘቶ ይሞላዋል። ባዘቶው ሲያንስ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፣ ሲበዛ ደግሞ ትራስ አፉ ላይ የተጫነበት ሰው ድምፅ ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ እፍኝ ያወጣል፣ ይሰማል፣ ግማሹን ይመልሳል። በሣጥኑ ፊት በቀደደው ቀዳዳ የካርቶን ቱቦ አስገብቶበታል። ወፍራሙ ድምፅ በዚያ በኩል ነው የሚተነፍሰው። ቱቦውን ጥፍር ታህል ይቆርጥና ሳምንት ሙሉ ያዳምጠዋል። ቆርጦ ካበዛ ሌላ ቱቦ ጠቅልሎ «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ወፍራሙን ለትልቁ፣ ቀጭኑን ለትንሹ እስፒከር የሚያካፍለውን የመዳብ ሽቦ ስንት ጊዜ እንደ ጠመጠመና እንደ ፈታ ሚስቱ ናት የምታውቀው፤ ሚስቱን አትጠይቋት።

ቤቱስ? «ሀብታም ይህን አያውቅም» ይላል፤ ሲሚንቶ ቤት ድምፅ ይንጫረራል። ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳና የአቡጀዴ ኮርኒስ ግን ማሚቶውን ዋጥ ያደርጉታል። ድህነት ለአንድ ነገር እንኳ ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ነው። ሣጥኖቹን ጥግ ካስጠጋሃቸው ያጓራሉ ብሎ ከግድግዳው ሁለት ክንድ ስላራቃቸው አልጋው በር ላይ ደርሷል። ሰሚው የሚቀመጥበት ወንበር ደግሞ መሬት ላይ በኖራ ምልክት ተደርጎለታል። አንድ ስንዝር ብትስት ይቆጣል።

የሚፈትናቸው በሙዚቃ አልነበረም። ሙዚቃ ያባብላል፣ የምታውቀው ሰው ድምፅ ግን አያባብልም ባይ ነው። ሚስቱ በአልጋው ምክንያት ስትቆጣው በቴፕ ቀርጿት፣ እንግዳ ሲመጣ ከመጋረጃ ጀርባ ያስቀምጣትና አንድ ጊዜ እሷን ያናግራል፣ አንድ ጊዜ ካሴቱን ያጫውታል፤ «የትኛዋ ናት ባለቤቴ?» ነው ጥያቄው። እኔ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ይህንንም ለመንደር አወራሁ። ለቢሮ አወራሁ። ወረፋ ላይ አወራሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አሁን ወደ እትዬ ዘነቡ ልውሰዳችሁ። እትዬ ዘነቡ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ስንሻው የሚባል አንድ ልጅ ነበራት፤ ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። መጀመሪያ በቢሮዬ አድራሻ ደብዳቤ ይልክ ነበር፣ እኔ አነብላታለሁ፣ መልሱንም እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ ዝም አለ። ሐምሌ ላይ አንድ ምርኩዝ የያዘ ወታደር ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ ደብዳቤ ጸሐፊው እኔ መሆኔን ካረጋገጠ በኋላ፣ ስንሻውን በገዛ እጁ እንደ ቀበረው ነገረኝና ወደ አገሩ ወደ ሐረር ሄደ።

ለዕድሩ ሽማግሌዎች ነገርኳቸው። መቼም ወጋችንን ታውቁታላችሁ፣ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ዘመድ መሰብሰብ አለበት። ያላት ወንድም አንድ ነው፣ እሱም ጎጃም፤ ለመምጣት ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል፣ መንገዱም በክረምት የተቆረጠ ነው። በዚያ ላይ እሷ ደም ብዛት አለባት። እንግዲያው ወንድሟ እስኪመጣ ሆድ ይፍጀው ተባለ። ሰፈሩ ሁሉ አወቀ፣ ከእሷ በቀር። ቀበሌ ሱቅ ስትሄድ ሰው እየተነሳ ወረፋውን ይለቅላታል። ጨው ሲያልቅባት ሦስት ቤት ጨው ይልክላታል። «ዘንድሮ ሰው እንዴት ደግ ሆነ» እያለች ትመርቀናለች። እኛ አንገታችንን ደፍተን አሜን እንላለን።

አንድ ቀን ታዲያ ደጄ ላይ ቆመች። ከጦር ሜዳ የመጣ ልጅ ቢሮህ መጥቶ ነበር አሉ፣ ልጄ ምን ላከልኝ አለችኝ። ዓይኗን ባየሁት ጊዜ ምላሴ ከእኔ ቀደመ። ካሴት አልኳት። ያኔ ዘማች ድምፁን በካሴት ቀርጾ ለእናቱ መላክ የተለመደ ነበር። የታለ ስትለኝ ደግሞ፣ የብዙ ወታደር ካሴት በአንድ ከረጢት ተቀላቅሎ ስለ መጣ እስኪለይ ጠብቂ አልኳት። ውሸት ብቻውን መሄድ አይወድም፣ ሁልጊዜ ጓደኛ ይፈልጋል።

መቼም የተናገሩትን መፈጸም ነው። ድምፁ የስንሻውን የሚመስል አንድ የቢሮ ባልደረባ ነበረኝ፣ እሷ አይታው የማታውቀው። የሚለውን ጻፍኩለት። እኔ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንጂ የልጅ ደብዳቤ ከራሴ አንቅቼ ስለማላውቅ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ስም ግን አልጻፍኩበትም፤ የእሷንም፣ የእሱንም፣ የሰፈሩንም። በዚያ ጊዜ ስም ወረቀት ላይ ማስፈር የሚወድ ማን ነበር? «እማዬ» ብቻ አለ። ድምፁ አፈን እንዲል ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቀረጸው። እሷም በትንሿ ቴፗ ሰማችውና አለቀሰች፣ ቴፗን ሳመች፣ ደስታዋ የሰው ልብ ይበላ ነበር። ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብዬ ተኛሁ። እግዜር የእጅህን ይስጥህ አትበሉኝ፣ ሰጥቶኛል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ልጄን በዚህች ቴፕ ስሰማው ጉንፋን የያዘው ይመስለኛል፣ እዚያ ሰውየው ዘንድ እንደ ልብ ይሰማል ያልከኝ የታለ አለች። ጋሽ ደምሰው ታሟል አልኳት። ሥራ በዝቶበታል አልኳት። እሷ ግን እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ በራሷ እግር ቤቱ ሄደች። ጋሽ ደምሰው የስንሻውን ነገር የሚነግረው ሰው አላገኘም ነበር፣ ከሰፈራችን አይደለማ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሰሚ ሲመኝ የኖረ ሰው ደስ ብሎት በኖራው ምልክት ላይ አስቀመጣት።

እኔ እያለከለክሁ ስደርስ ካሴቱ ገብቷል። መብራት ይጥፋ ብዬ ተሳልኩ። በሳምንት አራት ቀን የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ቀጥ ብሎ በራ። ብርድ ልብስ የሸፈነውን ሁሉ ሣጥኖቹ ገለጡት፤ የባልደረባዬ ምራቅ ሲዋጥ ይሰማል፣ እኔ የጻፍኩት ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማል። ለእሷ ባዳ የሆነ ወጣት እቤቱ መሐል የቆመ ያህል «እማዬ» አለ። እትዬ ዘነቡ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ እስከ መጨረሻው ሰማች። እንባ የለም። ድገመው አለችው፣ ደገመው።

«ይህ የእኔ ልጅ አይደለም» አለች።

ጋሽ ደምሰው ደንግጦ ሣጥኖቹን አያቸው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እነሱን ጠረጠረ። እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ ነበር።

«በአንድ ከረጢት ነው የመጣው ብለኸኝ የለ? ተምታቶ ነው። የዚህ ልጅ እናት እኮ እየጠበቀች ነው። የእኔው ደግሞ እሷ ዘንድ ነው።»

እዚያ ላይ ልነግራት ይገባኝ ነበር። ሊሆን ይችላል አልኩ። ሊሆን ይችላል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሿን ቴፕ በነጠላ ጠቅልላ ልጅ የዘመተበትን ቤት ሁሉ ማንኳኳት ያዘች። ዶሮ ማነቂያን ጨረሰች፣ እስከ አራት ኪሎ ወጣች። እናቶቹ ሁሉ በር ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው ይሰሙና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አይደለም ካሉ በኋላ እንኳ እስቲ አንዴ ድገሚልኝ የሚሉ ነበሩ አለችኝ። ዝናቡ ይመታታል፣ እግሯ አብጧል። ደም ብዛት አለባት ብለን ዝም ያልናት ሴት ናት ይህች።

በአሥረኛው ቀን እየሳቀች መጣች። እሪ በከንቱ ሰፈር አንዲት ሴት አገኘሁ አለች። ልጇ ከዘመተ ሦስት ዓመቱ፣ አንድም ቀን ወሬው ተሰምቶ አያውቅም። ካሴቱ ገና «እማዬ» ሲል ሴትዮዋ እልል ብላ መሬት ላይ ወደቀች፤ ልጄ ነው፣ ልጄ ነው እያለች። እትዬ ዘነቡ ካሴቱን ሰጠቻት። መስሚያ የላትም ብላ ቴፗንም ተወችላት። «የሰው አደራ ከእጄ ወጣ፣ አሁን ደግሞ የእኔው ይገኛል» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ አልነግራችሁም፣ አልችልም።

በማግስቱ ጋሽ ደምሰው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሄዶ ኖራው ላይ በቆመው ወንበር ተቀመጠ።

«ምናለ ቀድመህ ብትነግረኝ?» አለኝ። «አንዱን ሽቦ ገልብጬ ድምፁን አበላሽልህ ነበር። ማን እንደሚናገር እኔ ራሴ እንኳ አልለየውም ነበር።»

ሰባት ዓመት ድምፅ ሲያጠራ የኖረ ሰው ነው እንዲህ ያለው። አብረን አለቀስን።

ነሐሴ ሲጋመስ ወንድሟ ደረሰ። ሊነጋጋ ሲል ነጠላችንን አዘቅዝቀን በሯ ላይ ተሰበሰብን። በሩን ከፍታ ስታየን ማንም መናገር አላስፈለገውም። የሆነውን ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ ልጽፈው አልፈልግም።

በሥልስቱ ዕለት፣ ሰው ከድንኳኑ መበተን ሲጀምር፣ በዓይኗ ጠራችኝ። ድምፅ አልቀረላትም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ካሴቱ የእናንተ ሥራ ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ትረግመኛለች ብዬ አጎነበስኩ። አልረገመችኝም፣ ሌላ ነገር ስታስብ ነበርና።

«ታዲያ ለዚያችኛዋ ማን ይነግራታል?»

እኔ እነግራታለሁ አልኳት። ነገ ሄጄ እግሯ ላይ ወድቄ እነግራታለሁ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

እትዬ ዘነቡ እጄን ያዘችኝ።

«ተዋት» አለች፣ «እስክትጠግብ ትስማው።»

ተውኳት እንግዲህ። እናት የልጇን ድምፅ ሰምታ የምትጠግበው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝና ያን ቀን እሄዳለሁ።