ሽኝት የማያውቅ ሌንስ

አንድ ሌንስ ያለው ሰው ፎቶ ያነሳል፤ ሦስት ያለው ግን ያስባል። እኔ ሦስት አለኝ፤ ስለዚህ ደክሞኛል። ሃያ ስምንት ሚሊሜትሩ አገሩን ሁሉ ያስገባል፣ ሃምሳው ዓይን እንደሚያየው ያያል፣ መቶ ሠላሳ አምስቱ ደግሞ የሩቁን ሰው ጎትቶ ያመጣል። የዛሬ ሰው ስልኩ ላይ ሁለት ጣቱን ዘርጋ አድርጎ የሚጨርሰውን፣ እኔ በፊልም ካሜራ አነሳለሁ ብዬ ተሸክሜ ዳገት እወጣለሁ። ማን አስገደደህ ትሉኝ ይሆናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ባለፈው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስሄድ ትከሻዬ አመፀና አንዱን ሌንስ ቤት ተውኩት። ሃምሳውን። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ የደከመው ሰው የሚጥለው ሁልጊዜ የሚያስፈልገውን ነው።

አንኮበር የሚኖሩት የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ዘውዴ ለለቅሷቸው የሚሆን ፎቶ ፈልገው ነበር። ያላቸው የመታወቂያው ብቻ ነው፤ እሱ ድንኳን ውስጥ ቢቆም አልቃሹ ምን ሰርቆ ሞተ ይላል አሉኝ። ቀልዳቸው ነው፣ ልመናቸው ግን ከልብ ነበር። ፊልሜ ላይ ደግሞ የቀረችው አንዲት ፎቶ ናት፤ ጉሙም ከቆላው እየወጣ ነው።

መልክ በረጅሙ ሌንስ ያምራል ብዬ መቶ ሠላሳ አምስቱን ገጠምኩ። እሱ ርቀት ይፈልጋል። ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ተከተሉኝ። እዚያው ይቁሙልኝ አልኳቸው፤ እሺ አሉና እንደገና ተከተሉኝ። ለካ እየሸኙኝ ነው። እንግዳ ሲሄድ ተገትሮ ማየት በእሳቸው ቤት ነውር ነው። እንዲህ ስንሸኛኝ ግቢው አልቆ መኪና መንገዱ ላይ ደረስን።

ተስፋ ቆርጬ ሃያ ስምንቱን ገጠምኩና ተጠጋኋቸው። አፍንጫቸው ቀድሞ ገባ፣ ሰውየው በኋላ። ይህንን ለለቅሶ ማን ያቆማል? ሳላነሳ ሚኒባሱ መጣና ተሳፈርኩ። በመስኮት ዞር ስል ጋሽ ዘውዴ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥሩ ጥግ ቆመዋል፣ ንቅንቅ የለም። ለረጅሙ ሌንስ የተለካ ርቀት! ረጅሙ ሌንስ ግን ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ለገበያ ከተጫኑ በጎች ጋር የሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ነው። በሃያ ስምንቱ አነሳኋቸው።

ፊልሙን አሳጥቤ ስወስድላቸው አፍሬ ነበር። ሰማይ፣ ገደል፣ ጉም፤ ከታች የገብስ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ቋሚ ነገሮች። ጋሽ ዘውዴ ግን ራቅ አድርገው ይዘው ብዙ አዩት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «በዚህ የሚለየኝ ዘመድ ብቻ ነው። ያልለየኝ ለቅሶዬም አይድረስ። አንተስ ለየኸኝ?»

እንዴታ አልኳቸው። ከሁለቱ ፍሬዎች አንዱ ጋሽ ዘውዴ፣ ሌላው የአጥር እንጨት ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኩም።